አዲ ሃ፦ አረቦን በጉልበት የተከፈለበት ኢንሹራንስ

አዲ ሃ በትግራይ፣ ቆላ ተምቤን ውስጥ ያለች የገጠር ጣቢያ ናት። ጤፍ ይዘራባታል። ዝናቡ አያስተማምንም። አንዳንዱ ዓመት ዘግይቶ ይገባል፤ ሌላው ዓመት በጊዜው ይገባና ጤፉ ፍሬ ሳይቋጥር ጥሎት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከዚህች ጣቢያ 200 ቤተሰቦች ለጤፋቸው የድርቅ ኢንሹራንስ ገቡ። ከነዋሪው አንድ አምስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 38 በመቶዎቹ በሴት የሚመሩ ቤተሰቦች ነበሩ።

ስለ አዲ ሃ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ሳተላይቱ ነው። ከሰማይ ዝናብ የሚለካ መሣሪያ፣ ከታች በበሬ የሚያርስ ገበሬ። ለፎቶ የሚመች ነገር ነው፣ አይካድም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ከ200ዎቹ ውስጥ 65 በመቶዎቹ አረቦናቸውን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ የከፈሉት በብር አልነበረም፤ ሠርተው ነው። ፕሮጀክቱን ያሳደገችው ይህች ነገር ናት። ችግሩም የተቀመጠው እዚያው ውስጥ ይመስለኛል።

ድርቅ ሲመጣ ምን ይሸጣል?

ኢንሹራንሱ ምን ሊያድን እንደተፈለገ ለመረዳት ከበሬው መጀመር ይሻላል።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው የሚጠቀምበት እንጂ የሚሸጠው ሀብት አይደለም። በዚያን ጊዜ መሬቱን አስይዞ ከባንክ መበደርም የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ያፈራው ነገር ያለው ከብቱ ላይ ነው፤ ከሁሉም በላይ በሬው ላይ። ሁለት በሬ ያለው ራሱ ጠምዶ ያርሳል። አንድ ያለው ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። ምንም የሌለው መሬቱን ለእኩል ይሰጥና ምርት ሲደርስ ይካፈላል። በሴት በሚመሩ ቤቶች ይህ የመጨረሻው ነገር በጣም የተለመደ ነው። መሬት አለ፤ በሬና የሚያርስ ጉልበት የለም።

ድርቅ ሲገባ ቤተሰቡ እህል ለመግዛት በሬውን ወደ ገበያ ያወጣል። ችግሩ፣ ጎረቤቱም በዚያው ሳምንት ያወጣል። የጎረቤቱም ጎረቤት እንደዚያው። የበሬ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይንራል። በዓመቱ ዝናቡ በደህና ሲመለስ ሰውዬው መሬቱ አለ፣ በሬው የለም። የገዛ መሬቱን ሌላ ሰው ያርስለትና ከራሱ ማሳ ግማሹን ይዞ ይገባል። የአንድ ክረምት መዘዝ ለዓመታት የሚተርፈው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየው ጉዳት የሚደርሰው ዝናብ ጥሩ በሆነባቸው ዓመታት ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚወሰደው በብድር ነው። ሰብሉ ቢበላሽ ዕዳው አይበላሽም። ስለዚህ ድሃው ገበሬ ማዳበሪያ ጥቅም እንዳለው እያወቀ ይተወዋል። ስንፍና ወይም ያለማወቅ የሚመስለው ነገር ብዙ ጊዜ ሒሳብ ነው። ስቴፋን ደርኮንና ሉክ ክሪስቲያንሰን የኢትዮጵያ ገበሬዎችን መረጃ ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ሰብሉ ሲከሽፍ ጓዳው የሚራቆትበት ቤተሰብ ማዳበሪያ የመጠቀም ዕድሉ ያንሳል። በሰሜን ጋና ዲን ካርላንና ባልደረቦቹ ደግሞ ለአንዳንድ ገበሬዎች ጥሬ ገንዘብ፣ ለሌሎች የዝናብ ኢንሹራንስ ሰጥተው አነጻጸሩ። ማሳቸው ላይ ይበልጥ ወጪ ያወጡት ኢንሹራንስ ያገኙት ነበሩ። ገበሬውን የያዘው የገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ፍርሃትም ይዞታል።

ኢንዴክስ የሚሠራው እንዴት ነው?

የመኪና ኢንሹራንስ ሲሆን መኪናው ይገጫል፣ ገማች ይመጣል፣ ጉዳቱ ይታያል፣ ካሣው ይከፈላል። ግማሽ ሔክታር ለማትሞላ የጤፍ ማሳ ግን ገማች ከመቀሌ መላክ አያዋጣም። የገማቹ አበልና ነዳጅ ከካሣው ይበልጣል። በዚያ ላይ ካሣ የሚጠብቅ ሰው አረም ለማረም ላይበረታ ይችላል።

የኢንዴክስ ኢንሹራንስ ማሳውን ማየት ትቶ ዝናቡን ብቻ ያያል። በአካባቢው የዘነበው ከተወሰነ መጠን ካነሰ ለሁሉም ይከፍላል፤ ካላነሰ ለማንም አይከፍልም። የአንተ ማሳ ለምለም ይሁን ጠውልግ አይጠይቅም።

ለምሳሌ ያህል ቁጥሩን እኔ ልፍጠርና እንየው። ውሉ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለውን ዝናብ ይቆጥራል እንበል። መነሻው 100 ሚሊ ሜትር፣ መጨረሻው 40 ሚሊ ሜትር ነው። 100 ወይም ከዚያ በላይ ከዘነበ ካሣ የለም። 40 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሙሉው ይከፈላል። 70 ከሆነ ግማሹ። ሙሉ ካሣው 1,000 ብር ከነበረ 500 ብር ማለት ነው። ውሉ ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ አይሞላም።

ዝናቡ የሚለካው በሳተላይት ግምት ነው። ሳተላይቱ ግን ጠብታ አይቆጥርም። የሚያየው የደመናውን አናት ቅዝቃዜ ነው። በጣም የቀዘቀዘ ደመና ከፍ ያለ ደመና ነው፤ ከፍ ያለ ደመና ደግሞ ዝናብ ያዘለ ነው ተብሎ ይገመታል። ግምቱ የሚሰጠውም ጎንና ጎኑ 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ለሆነ ሰፊ ካሬ ነው። ተምቤንን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዚያ ሁሉ ሸንተረርና ገደል 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይነት ዝናብ አለ። ከተራራው ወዲህ ዘንቦ ወዲያ ማዶ አቧራው የሚቦንበት አገር ነው።

ሐሳቡ በኢትዮጵያ አዲስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ለአገሪቱ የድርቅ ኢንሹራንስ ገዝቶ ነበር። አረቦኑ 930,000 ዶላር፣ ከፍተኛው ካሣ 7.1 ሚሊዮን ዶላር። ልኬቱ የተወሰደው ከ26 የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ሆነና ምንም አልተከፈለም። ያ ግን ከላይ ያለ ውል ነበር። ገበሬው መኖሩንም አያውቅም።

አዲ ሃ ላይ የተሞከረው ከታች ነው። ፕሮጀክቱ ሐሪታ ይባል ነበር። ኦክስፋም አሜሪካና ማኅበረ ረድኤት ትግራይ (ማረት) አስተባበሩት። ኢንሹራንሱን የሸጠው ንያላ ኢንሹራንስ ነው፤ የጠለፋ ዋስትናውን፣ ማለትም የኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ የሚገባውን ኢንሹራንስ፣ ስዊስ ሪ ያዘ። ኢንዴክሱን ያሰላው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአየር ንብረት ምርምር ተቋም ነው። ደደቢት ብድርና ቁጠባም በገንዘቡ በኩል ገባበት።

ከገበሬዎቹ መካከል ኮሚቴ ተመረጠ። የትኛው ዓመት ክፉ እንደነበር ተጠየቁ። 77ን ማንም አይረሳውም፤ ሌሎቹን ግን እየተነጋገሩ በደረጃ አስቀመጡ። ተመራማሪዎቹ ያንን ከሳተላይቱ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ገበሬዎቹ በጨዋታ መልክ ምርጫም ቀረበላቸው። አልፎ አልፎ የሚመጣ ትልቅ ካሣ ይሻላል ወይስ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ? ወደ ሁለተኛው አደሉ። የኢንሹራንስ መጻሕፍት ተቃራኒውን ይመክራሉ። ትንሹን ጉዳት በራስህ ቻለው፣ ለትልቁ ኢንሹራንስ ግባ ይላሉ። ግን ሰው ሲከፈል ያላየውን ነገር እንዴት ይመን? ለእኔ የገበሬዎቹ ምርጫ ትክክል ነበር። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ቶሎ ቶሎ የሚከፍል ኢንሹራንስ አረቦኑ ውድ ነው።

ብር ለሌለው ሰው መሸጥ

በዓለም ላይ የተሞከሩት አብዛኞቹ የዝናብ ኢንሹራንሶች የወደቁት እዚህች ቦታ ላይ ነው። አረቦን የሚከፈለው ከመዝራት በፊት ነው። ገበሬው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ኪሱ የሚራቆተው በዚያው ሰሞን ነው። ጎተራው ባዶ፣ ማዳበሪያው ሊመጣ፣ ልጆቹ እህል ይጠብቃሉ። በዚህ ጊዜ መጥቶ «ምናልባት በጥቅምት ላይከፈልህ ለሚችል ነገር አሁን ብር አምጣ» ማለት ቀልድ ነው። በህንድ በተደረጉ ጥናቶችም የገዛው ሰው ቁጥር ትንሽ ነበር። ገንዘብ በእጁ ያልነበረው አልገዛም።

አዲ ሃ ላይ መፍትሔው ከሴፍቲኔቱ መጣ። ሴፍቲኔት የሚባለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2005 ከተጀመረ ወዲህ፣ በየዓመቱ እህል የሚያጥራቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ላይ ተሰማርተው በእህል ወይም በብር ይከፈላቸዋል። እርከን ይሠራሉ፣ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ። መዝገቡ አለ፣ አለቃው አለ፣ ሰው ለምዶታል። ሐሪታ በዚህ ላይ ተጨማሪ የሥራ ቀናት ጨመረ። ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ አፈር የሚያዳብሩ ዛፎችና ሣሮችን መትከል፣ ውኃና አፈር መያዝ። የእነዚያ ቀናት ደመወዝ በገበሬው እጅ አይገባም። በስሙ አረቦን ሆኖ ለኢንሹራንስ ኩባንያው ይሄዳል። ብር ያለው ደግሞ በብር ይከፍላል።

ብልሃቱ በሁለት በኩል ይሠራል። ኮምፖስቱና እርከኑ ማሳው ድርቅን እንዲችል ያግዙታል። ማሳው ካልቻለው ኢንሹራንሱ አለ። ኋላ ላይ ቁጠባና ብድር ሲጨመሩበት ፕሮጀክቱ አር 4 ተባለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገባበት (ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)።

ቁጥሩም ተመነደገ። በ2010 በአምስት ጣቢያዎች 1,300 ያህል ቤተሰብ። በ2011 በ43 ጣቢያዎች 13,000 ያህል። በቀጣዩ ዓመት ወደ 19,000 ተጠጋ። አሠራሩ በኋላ ወደ አማራ ክልልም ተሻገረ። በሶማሌ ክልል ለአርብቶ አደሮች የተጀመረው የግጦሽ ኢንሹራንስም አረቦኑን ከማኅበረሰብ ሥራ ጋር አያያዘው።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ለእነዚያ ተጨማሪ ቀናት ደመወዙን የከፈለው ማን ነው? ለጋሾች ናቸው። ገበሬው ጉልበቱን ሰጠ፣ ለጋሹ ያንን ጉልበት በብር ገዛ፣ ብሩ ኩባንያው ዘንድ ገባ። በወረቀት ላይ 19,000 ደንበኛ አለ። በገንዘብ ረገድ ትልቁ ደንበኛ ግን ለጋሹ ነው። «ገበሬዎች ኢንሹራንስ እየገዙ ነው» የሚለው ዜና ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። በኋላ ገበሬዎቹ ከአረቦኑ ላይ ጥቂቱን በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍሉ መደረጉ ራሱ፣ ይህ ጥያቄ ፕሮጀክቱ ውስጥ ያሉትንም ይከነክናቸው እንደነበር ያሳያል።

ካሣው ስንት ሆነ?

የመጀመሪያው ካሣ የተከፈለው በ2011 መኸር ላይ ነው። በሰባት ጣቢያዎች 1,810 ገበሬዎች በድምሩ 17,392 ዶላር ተከፈላቸው። በ2012 ድርቁ በረታ። ከ12,000 በላይ ገበሬዎች 322,772 ዶላር ደረሳቸው። ማንም ማመልከቻ አልጻፈም፣ ማንም ቢሮ አልተመላለሰም። ሳተላይቱ አሳየ፣ ተሰላ፣ ተከፈለ። የእኛን አገር ካሣ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን እናካፍለው። የ2011ዱ በነፍስ ወከፍ ከ10 ዶላር በታች ይወጣል። በወቅቱ ምንዛሪ 165 ብር ገደማ። የ2012ቱ 26 ዶላር አካባቢ ነው፤ 475 ብር ቢሆን ነው። በዚያን ጊዜ አንድ የእርሻ በሬ የሚሸጠው በሺዎች ነበር። 475 ብር በሬ አይገዛም። የበሬውን ሽያጭ ለጥቂት ሳምንት ሊያዘገይ፣ ወይም ለቀጣዩ ዓመት ዘር ሊገዛ ይችላል። ያም ቢሆን ዋጋ አለው። ግን «ከድርቅ ተጠበቀ» ለማለት አያስደፍርም።

ካሣው ያነሰው ኩባንያው ስለሰሰተ አይደለም። አረቦኑ ትንሽ ነው፣ የተገባበት መጠን ትንሽ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይክፈል ተብሎ ተመርጧል። ከዚህ ሦስት ነገር ትልቅ ካሣ አይወጣም።

በ2013 የወጣው የግምገማ ጥናት ታዲያ ለምን ጥሩ ውጤት አገኘ? ኢንሹራንስ የገቡት ካልገቡት ጋር ሲነጻጸሩ ቁጠባቸው በአማካይ በ123 በመቶ የበለጠ አድጓል። የበሬያቸው ቁጥርም በ25 በመቶ በልጦ ጨምሯል። ውጤቱ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ አንዱ ወረዳ ላይ የታየው ሌላው ላይ አልታየም። ጎላ ብለው የታዩት ሴቶቹ ናቸው። በሴት የሚመሩ ቤቶች ሠራተኛ ቀጥረውና በሬ ተከራይተው ማሳቸው ላይ ወጪ ማውጣት ጀመሩ።

ይህን ሁሉ ያመጣው 475 ብር ነው ብዬ አላምንም። ፍርሃቱ መቀነሱ ይመስለኛል፤ የጋናውም ጥናት የሚለው ይህንኑ ነው። በዚያ ላይ ከኢንሹራንሱ ጋር ብድር፣ ቁጠባ፣ ኮምፖስትና እርከን አብረው መጥተዋል። የቱ ምን እንዳመጣ መነጠል ከባድ ነው። አራት መድኃኒት አንድ ላይ ወስዶ ለተሻለው ሰው የትኛው እንዳዳነው ማን ይነግረዋል?

ኢንዴክሱ የማያየው

ትልቁ ችግር ዝናቡና ማሳው አለመገጣጠማቸው ነው። የአንተ ሰብል ደርቆ ሳተላይቱ «ዘንቧል» ካለ ካሣ የለህም። አረቦንህን ከፍለህ ሰብልህንም አጥተህ ትቀመጣለህ። ኢንሹራንስ ካልገባው ጎረቤትህ የባሰ ተጎዳህ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ደግሞ ሲከፈለው ታያለህ። ይህን ለሰው በአማርኛም በትግርኛም ማስረዳት ይከብዳል። ማስረዳት ቢቻልም ማጽናናት አይቻልም።

ለዚህ ካየኋቸው መልሶች ሁሉ የሚስበኝ ከእድር የመጣው ነው። ደርኮን፣ ሩት ሂል፣ ዳንኤል ክላርክ፣ ኢንጎ ኡቴስ ሊዮንና ዓለማየሁ ሰይፉ ታፈሰ በኢትዮጵያ ገጠር አንድ ሙከራ አድርገው በ2014 አሳትመውታል። የዝናብ ኢንሹራንስ ሲሸጥ ለእድር መሪዎች ሥልጠና ተሰጠ። በአንዳንዱ እድር ሥልጠናው ያተኮረው ለግለሰቡ በሚሰጠው ጥቅም ላይ ነው። በሌላው ደግሞ ካሣውን እርስ በርስ ስለ መደጋገፍ ተነገረ። የመደጋገፉን ትምህርት ባገኙት እድሮች ኢንሹራንሱን የገዛው ሰው በግልጽ በለጠ። ምክንያቱ ይገባል። ሳተላይቱ የማን ማሳ እንደደረቀ አያውቅም። እድርተኛው ያውቃል። ቀባሪው ማን እንደሆነ፣ ለቅሶ ላይ ማን እንደቀረ ሳይቀር የሚያውቅ ማኅበር የእከሌ ማሳ በአጋጣሚ መዝለሉን አያጣውም።

ኢንዴክሱ የማያያቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። በረዶ ሰብሉን ቢያረግፈው ለሳተላይቱ ያው ዝናብ ነው። በ2020 መኸር የአንበጣ መንጋ ትግራይን ሲወር የዝናቡ መጠን ምንም አላጎደለም። በኅዳር ወር ደግሞ ጦርነቱ ጀመረ። ቆላ ተምቤን ጦርነቱ ካደቀቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከዚያም በክልሉ ባንክ ተዘጋ። ካሣ በቁጠባ ደብተር የሚከፈልበት ሥርዓት ደብተሩ የተቀመጠበት ተቋም ሲዘጋ የሚሄድበት የለውም። ይህን የኢንሹራንሱ ጥፋት ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ለአንድ አደጋ ብቻ የተሰፋ ዋስትና የገበሬውን አደጋ ሁሉ እንደሸፈነ ተደርጎ ሲወራ ብዙ ሰምቻለሁ።

ታዲያ የአዲ ሃው ሙከራ ይደገም ወይ? እኔ ይደገም ባይ ነኝ፤ ስሙ ግን ይስተካከል። ገበያ ነው መባሉ ይቅር። የመንግሥት ሴፍቲኔት አካል ተብሎ፣ አረቦኑም በግልጽ በበጀት ይያዝ። ሴፍቲኔቱ ራሱ በድርቅ ዓመት ሲዘገይ ስንት ጊዜ አይተናል። ዝናቡ ሲጎድል ማንም ሳይለምን ብር የሚለቅ አሠራር በዚያ ላይ ቢጨመር ትልቅ ነገር ነው። ውሉም ከአንድ አንድ ገበሬ ጋር ከሚሆን ከእድር ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ይሁን። ካሣው ለማኅበሩ ይምጣ፤ ማሳው የደረቀበትን ማኅበሩ ይለይ። እድሩ ቢያደላስ የሚል ይኖራል። ሊያደላ ይችላል። ግን ለእድር ዳኛ አቤት ይባላል፤ ለደመና አናት ቅዝቃዜ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።